ወተቷን የያዘችው ዐሥራ ሰባት ቁጥር

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ "ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?" እንዳትሉኝ ነው። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ውሻ እፈራለሁ፤ ፎርም የሚሞላ ሰው እፈራለሁ፤ ልጆቼ ዝም ካሉ ዝምታቸውን፣ ከጮኹ ጩኸታቸውን እፈራለሁ። በዚህ ዓለም የማልፈራው አንድ ነገር ላም ነበር። "ነበር" ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ቤታችን ቢቸና ነው። ባለቤቴ ይኸነው እህል ጫኝና አውራጅ ነበር። ኩንታል ተሸክሞ መኪና ላይ ሲወጣ ላየው ሰው አጥር የምትዘል ድመት ይመስል ነበር። አንድ ቀን ድመቷ ወደቀች። ወገቡን ወጌሻ አሸው፣ ሐኪም በፎቶ አየው፣ ጠበል ፈሰሰበት፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ረዳውና መራመዱንስ ተራመደ። ሸክም ግን "እንዳታስበው" ተባለ።

ልጆቻችን አምስት ናቸው። ትልቋ እናትነሽ ስምንተኛ ክፍል ናት። ትንሿ ትብለጥ ገና የስድስት ወር ጡት ጠቢ ናት። በመካከል ያሉት ሦስቱ ወንዶች ሥራቸው መብላትና ጫማ ማጥበብ ነው። ልጅ ሲያድግ ደስ ይላል ይባላል። ደስ የሚለውስ ቀለቡ አብሮት ሲያድግ ነው። የኛዎቹ ግን ብቻቸውን ነው የሚያድጉት።

የሰው ልብስ አጠብሁ፤ ድግስ ቤት ሽንኩርት ላጥሁ፤ ለሰው ልቅሶ እንኳ ውኃ ቀዳሁ። አይበቃም። እኔ ደግሞ የተማርሁት እስከ አራተኛ ነው፤ የማውቀው ሙያ ላም ነው። አባቴ ቤት ሳለሁ ሰባት ላም አልብ ነበር። ከተማ ከገባሁ ወዲህ ግን የላም ሙያ ያለ ላም፣ ያለ ቤተ ክርስቲያን የቀረ ዲያቆን ማለት ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ባንቺ ከቢቸና ሳይወጡ ሞጣ ማን ምን እንደቆላ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አጥር ተደግፈው ጠሩኝ።

"ስሚ፤ ሞጣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ አሉ። ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ከከተማው ዳር የከብት እርባታ ከፍተዋል። ላሞቹ የፈረንጅ ናቸው። አንዷ ብቻዋን የአንድ ቀበሌ ወተት ትሰጣለች አሉ። አላቢ ይፈልጋሉ፤ ቤትም ይሰጣሉ።"

"ቤትም?"

"ቤትም። ግን…" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሕፃን ልጅ ያላትን አይቀጥሩም።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ! ባለጠጋ ምክንያት አይጠየቅ።"

"አምስት እኮ ናቸው እትዬ ባንቺ! እንደ ነጠላ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ልክተታቸው?"

"አምስት መሆናቸውን ማን ይነግራቸዋል? ግንባርሽ ላይ አልተጻፈ። መጀመሪያ ራስሽ ግቢ። ሥራሽን ይውደዱት። ከዚያ አንድ አንድ እያልሽ ታስገቢያቸዋለሽ። ድመትስ ግልገሏን የምታጓጉዘው አንድ አንድ እያለች አይደል?"

ምክር ሰጪ ሲተኛ ተመካሪ ያድራል ቁጭ ብሎ። ሳስበው ሳስበው ከረምሁና እሺ አልሁ። እናትነሽ "ለጊዜው" ከትምህርት ቤት ቀርታ ሕፃኗን ትይዛለች፤ እኔ ሞጣ ሄጄ እሞክራለሁ። "ለጊዜው" የምትባል ቃል ስንት ሴት ልጅ ከትምህርት እንዳስወጣች አውቃለሁ፤ እኔንም ከአራተኛ ክፍል ያወጣችኝ እሷው ናት። ቢሆንም ቅሪ አልኋት። ልጅቷ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ይኸነው ቦርሳውን አየ፣ እኔን አየ። እሱ ወገቡ ከተቀጨ ወዲህ ብዙ አይናገርም።

ማክሰኞ ጠዋት የመኪናው ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ትብለጥን አጠባኋት። እስክመለስ የሚበቃትን በአንድ ጊዜ ልሞላት ፈልጌ ነው፤ ጀሪካን አደረግኋት። ከዚያ ለእናትነሽ ሰጥቼ ዞር ሳልል ሮጥሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ፍተሻው እስኪታለፍ መታወቂያውን በእጁ ይዞ ዝም ብሏል። እኔም መታወቂያዬን ይዤ ዝም ብያለሁ፤ የኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ፈታሹ "ስንት ልጅ አለሽ?" የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ምን ተዳው! መታወቂያዬን አይቶ መለሰልኝ። ላቤ ግን እስከ ደብረ ወርቅ አልደረቀም።

የእርባታው ማናጀር አቤል ይባላል። የእንስሳት ትምህርት ተምሮ የተመረቀ ነው። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም፤ ግን ነጭ ጋወን ለብሶ፣ ቦቲ ተጫምቶ፣ እጁ ላይ ፎርም ይዞ ሳየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድሁ። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ መርፌ የደበቀ ይመስለኛል። እሱ ለዕድሜዬ "እርስዎ" ይለኛል፤ እኔ ለጋወኑ "እርስዎ" እለዋለሁ።

"እትዬ፣ ልምድ አለዎት?"

"አለኝ።"

"የት ነው የሠሩት?"

"አባቴ ቤት።"

ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እንጃ።

"የቤተሰብ ብዛት?"

"ባለቤቴና እኔ።"

"ልጅስ?"

"አንዲት። የደረሰች። ስምንተኛ ክፍል ናት።"

ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እናትነሽ አንዲት ናት፤ ሁለት እናትነሽ የለችኝም።

"ጥሩ። ሐጂ ግቢው ውስጥ ሕፃን እንዲኖር አይፈልጉም፤ ለዚያ ነው የጠየቅሁዎት። ሦስት ቀን ሙከራ አለ፦ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ዓርብ ሐጂ ራሳቸው መጥተው ይወስናሉ።"

ማደሪያዬ ከሌላዋ አላቢ ከሰዓዳ ጋር ሆነ። ሰዓዳ የሞጣ ልጅ ናት። ልጅ የላትም፤ ምላሷ ግን የዐሥር ልጅ እናት ምላስ ነው። ገና እንደገባሁ ትሪ አቀረበችልኝ። የሙስሊም ቤት ነው ብዬ እጄን ሰብሰብ ሳደርግ አየችኝ።

"ሽሮ ነው ብይ" አለችኝ። "ሽሮ ሃይማኖት የለውም።"

በላሁ።

ረቡዕ ማለዳ በረት ገባን። አቤል አንዷ ላም ጋ ወሰደኝ። ጥቁርና ነጭ ናት። ቁመቷ እኔን ታህላለች፣ ስፋቷ ቢቸና ያለውን ቤቴን። የአባቴ ላሞች በሷ ሆድ ሥር ዝናብ ይጠለሉ ነበር። ጡቷን ሳየው አዘንሁላት፤ ያንን ተሸክሞ መሄድ ራሱ የጫኝና አውራጅ ሥራ ነው።

"የርስዎ ላም ይቺ ናት። ዐሥራ ሰባት ቁጥር።"

"ስሟስ?"

"ዐሥራ ሰባት።"

"እስረኛ ናት እንዴ?"

ሰዓዳ ከወዲያ ሳቀች። አቤል አልሳቀም፤ ጻፈ።

"ጥጃዋስ?" አልሁ።

"ጥጃዎቹ ለብቻቸው ናቸው" ብሎ ከበረቱ ማዶ በብረት የታጠረ ጋጥ አሳየኝ። "ከተወለዱ ጀምሮ ከእናታቸው ጋር አይገናኙም። ወተት በባልዲ ነው የሚጠጡት። ፕሮሲጀሩ እንደዚያ ነው።"

አሁን እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በኛ ወግ ላም የምትታለበው ጥጃዋ ቀምሶ ነው። ጥጃው ይለቀቃል፤ ሁለት ሦስቴ ጎንተል ጎንተል ያደርጋታል፤ ወተቱ ሲወርድ ጥጃው ተይዞ እፊቷ ይታሰራል። እሷ ትልሰዋለች፣ አንቺ ታልቢያለሽ። ጥጃው ቢሞት እንኳ ቆዳው ጭድ ተሞልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት እፊቷ ይቆማል። እንዋሻታለን እንጂ "ያለ ልጅሽ ስጪ" አንላትም። እዚህ ግን ጡቷን በሞቀ ውኃ አጥቦ፣ አሽቶ፣ "ስጪ" ነው። ሌሎቹ ይሰጣሉ፤ ለምደውታል። ዐሥራ ሰባት ቁጥር ግን የመጀመሪያ ወሊዷ ነው፤ የለመደቻት አላቢም ባል አግብታ ሄዳለች።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር ማለት ይቻላል። እያንቆለጳጰስሁ፣ "እመቤቴ፣ የሀገር ጌጥ" እያልሁ አለብኋት፤ ግማሽ ባልዲ ሰጠችኝ። ረቡዕ ስለሆነ ወተት ውስጥ እስከ ክርኔ ተነክሬ ጾሜን ዋልሁ። ችግሩ የመጣው አቤል መለኪያ ዘንግ ይዞ ባልዲውን አጎንብሶ ሊያይ ሲመጣ ነው። እጄ ከኔ ቀድሞ ነጠላዬን አወለቀና ባልዲው ላይ ጣል።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ዓይን እንዳይገባበት ነው።"

"የማን ዓይን?"

"የማንም ይሁን። ይሰውረንና የርስዎም ሊሆን ይችላል።"

"እትዬ፣ ሃይጂን! ሃይጂን!" እያለ ነጠላውን ሊያነሣ ሲል ጫፉ ተንሸራቶ ወተቱ ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ወተት ለሽያጭ አይሆንም ተብሎ ወደ ጥጃዎቹ ባልዲ ሄደ። አቤል አሁንም ጻፈ። በሕይወቴ የዚያን ዕለቱን ያህል ስለ እኔ ተጽፎ አያውቅም።

ሐሙስ ባሰ። ነገሩ ከላሟ አልነበረም፤ ከኔ ነው። ጡቴ ሞልቶ ድንጋይ ሆኗል። ላም አልቤ ስጨርስ ከድርቆሹ ቤት ጀርባ እሄድና ራሴን አልባለሁ፤ ማንም እንዳያየኝ ወዲያና ወዲህ እያየሁ። እሱም ለጊዜው ነው። ማዶ ካለው ጋጥ የዐሥራ ሰባት ቁጥር ጥጃ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ "እምቧ" ባለች ቁጥር ትብለጥን ያየሁ ይመስለኝና ቀሚሴ ይረጥባል። ጡት ጆሮ አለው፤ ይህን የማያውቅ ወንድ ብቻ ነው። ወደ ቤት ያልደወልሁትም ለዚሁ ነው። የልጄን ድምፅ ብሰማ ሞጣ በጎርፍ ትወሰድ ነበር። ስልኬን አጥፍቼ ፍራሽ ሥር ሸሸግሁት። ስልኩ ጠፋ እንጂ ሐሳቡ የት ይጠፋል? እምቢ ብላ ይሆን? አልቅሳ አልቅሳ ትንታ ይዟት ይሆን? እናትነሽስ ራሷ ልጅ አይደለችም?

ላም ደግሞ የፈራ እጅ ታውቃለች። ስነካት ዐሥራ ሰባት ቁጥር ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወተቷን ያዘች። ዘንጉ የጣቴን ቁመት እንኳ ሳይረጥብ ቀረ።

ሰዓዳ ክፍላችን ስንገባ ቀሚሴን አየች፣ ፊቴን አየች።

"ላሟ ረጨችብሽ?"

"አዎ።"

"ጎበዝ ላም ናት። በሁለት በኩል እኩል እኩል ነው የረጨችብሽ።"

የራሷን ሻርፕ አውጥታ ወረወረችልኝ። "ደረትሽ ላይ ጣል አድርጊው። ብርድ ነው በያቸው።"

ዓርብ ማለዳ ዐሥራ ሰባት ቁጥር ጭራሽ አንዲት ጠብታ አልሰጠችም። ጡቷ ተወጥሮ አብረቀረቀ። ስነካት ትዘላለች፤ እሷ ስትዘል እኔ እዘላለሁ። አቤል ነክቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ይግላል። ዛሬ ካልታለበች ጡቷ ይበላሻል። አምስት ሰዓት ላይ እንደገና እንሞክራለን። ሐጂም ከጁምዓ በፊት ብቅ ይላሉ። ያኔም ካልሆነ ግን…" ፎርሙን አገላበጠ። "ይቅርታ እትዬ። እኔ ባዝንም ላሟን ማጣት አልችልም።"

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ደግ ነበር፤ ረግሜው እሄድ ነበር። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሰብሁ። ቢቸና ተመልሼ ምን ልበል? ሦስቱ ወንዶች ሲሮጡ መጥተው እጄን ሲያዩ ምን ላሳያቸው? እናትነሽ ቦርሳዋን ከምስማሩ ታወርዳለች፤ ለስንት ቀን? የቤት ኪራዩስ? ደግሞ ያቺ ላም! እሷም በኔ ምክንያት ልትታመም ነው። እኔ እሷን አውቃታለሁ። የሁለታችንም በሽታ አንድ ነው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል የመኪና ድምፅ ተሰማ። አቤል ሐጂን ሊቀበል ወደ በሩ ሄደ። ሰዓዳ መኖ ታመጣለች። በረት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ዐሥራ ሰባት ቁጥርና ሰይጣን ነን። ሰይጣን፣ "ጥጃዋን አንድ ጊዜ አሳያት፤ ማን ያያል?" አለኝ። እኔም እሺ አልሁት።

ጋጡ በር ላይ አንድ ረዥም የብረት ቧንቧ አለ። የአንዲቱን ጥጃ በር የከፈትሁ መስሎኝ ቧንቧውን ሳብሁት። ለካ ያ ቧንቧ የሁሉም መቀርቀሪያ ነው! ሲንኳኳ ሄዶ ዐሥራ አንዱም በር በአንድ ጊዜ ወለል አለ።

እነዚህ ጥጃዎች እናት አያውቁም፤ ባልዲ ነው የሚያውቁት። ባልዲውን የሚያመጣላቸው ነጭ የለበሰ ሰው ነው፤ ጣቱን እያጠባ መጠጣት ያስተማራቸውም እሱ ነው። እናም ያ ነጭ የለበሰ ሰው በዚያች ሰዓት በበረቱ አፍ ብቅ አለ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ፣ ከሱ የባሰ ነጭ የለበሰ ሰው አለ። ሐጂ ሰይድ ለጁምዓ አምረው፣ ጀለቢያቸው እንደ ወተት ነጥቶ፣ ሽቱ ሽቱ እያሉ ነው የመጡት። ዐሥር ጥጃ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወረደባቸው።

"ሱብሃነላህ!" አሉ ሐጂ። አንዱ የጀለቢያቸውን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገብቶ መጥባት ጀመረ። ሌላው እጅጌያቸውን ያዘ። አቤልን አምስቱ ከበው ጣት ጣቱን ሲፈልጉ እሱ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ "ሂዱ! ሂዱ! ማነው የከፈተው!" እያለ ይሽከረከራል። ሰዓዳ የመኖ ጆንያዋን ጥላ ልትይዝ ሮጠች፤ ፍሩሽካው ተበተነ፤ የቀሩት እሱ ላይ ሰፈሩ።

እኔ ምን አደረግሁ? መሸሽ ነበረብኝ፤ ግን ባለ ነጭ ግንባሯ ጥጃ ተከትላኝ ዐሥራ ሰባት ቁጥር ጋ ደርሳለች። ላሟ አሸተተቻት። ከሆዷ የወጣ አንድ ድምፅ አሰማች፤ ያን ድምፅ በሦስት ቀን አንድም ጊዜ አልሰማሁትም። ከዚያ የጥጃዋን ጀርባ ትልሰው ጀመር። ስትልሳት ጡቷ ራሱን ችሎ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዥው አለ፤ ማንም ሳይነካው መሬት ላይ። ወተት መሬት ሲፈስ ቆሞ ማየት አልችልም። ባልዲውን አስገብቼ ተቀመጥሁና አለብሁ። ዓለም ቢገለበጥ ይገልበጥ ብዬ አለብሁ።

ጥጃዋ ግን ጡት ምን እንደሆነ አታውቅም። እናቷ እየላሰቻት ዞራ አሸተተች፣ አሸተተች፣ ወተት የሚሸትበትን ቅርብ ቦታ ፈለገችና የሰዓዳን ሻርፕ ጎትታ ጥላ ደረቴን ጎረሰች። ቀሚሴን ማለቴ ነው። ቀሚሴ በስብሶ ነበርና አግኝታበት ትመጠምጠዋለች። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፤ ባልዲው ይሞላል፣ እንባዬ ይወርዳል።

ቀና ስል ሐጂ ቆመዋል። አንድ ጥጃ ጀለቢያቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጥጃውንም ረስተውታል።

"ሴትዮ፣ ጥጃዋ ምን አግኝታብሽ ነው?"

"ወተት ነው ሐጂ።"

"የላም?"

ሰዓዳ ከኋላቸው ሆና በአፏ ድምፅ ሳታሰማ "አዎ በይ፣ አዎ በይ" ትለኛለች። አዎ ማለት ይቻል ነበር። የፈራ ሰው ግን ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ይዘከዝካል። የመጀመሪያውን ማክሰኞ ጨርሼዋለሁ።

"የኔ ነው" አልሁ።

"ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?"

"ስድስት።"

"ሌላስ አለሽ?"

"ሦስት ወንዶች… ትልቋን ከቆጠሩ አምስት።"

"እትዬ!" አለ አቤል ከጥጃዎቹ መሀል፣ አንድ ጣቱ አሁንም በአንዱ አፍ ውስጥ እንዳለ። "አንዲት ነው ያሉኝ እኮ! ፎርሙ ላይ አለ!"

ሐጂ በእጃቸው ዝም አስባሉት። ጥጃውን ከጀለቢያቸው አላቀው የላሟን ጡት ነኩ። ለስልሷል። የሞላውን ባልዲ አዩ። ከዚያ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"እኔ ልጅ ጠልቼ የምመስልሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ከዚህ በፊት አንድ ሠራተኛ ነበረኝ። ትንሽ ልጁ በረት ገብቶ ላም ረገጠችው። አላህ አተረፈው፤ እግሩ ግን እንደተጎዳ ቀረ። ከተማ ውስጥ ሲያነክስ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ወላሂ እፈራለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እፈራለሁ።"

እኚህ ሰው እንደኔ ይፈራሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ። ሻርፑን ከመሬት አንሥቼ ቀሚሴን ሸፍኜ ቆምሁ።

"አምስትም ይሁኑ ዐሥር፣ ቁጥራቸውን አልጠላሁም" አሉ። "አንቺ ላም ሥር ስትሆኚ ማን ያያቸዋል? ይህን ንገሪኝ።"

"ትልቋ…"

"ስምንተኛ ክፍል ናት ብለሽ ፎርሙ ላይ ያስጻፍሽው?"

"ለጊዜው ትቀራለች።"

"አይሆንም። አባታቸውስ?"

"ታሟል ሐጂ። ወገቡ ነው።"

"ወገቡ ነው ወይስ ዓይኑ? ልጅ ለመጠበቅ ወገብ ምን ያደርጋል?"

"ወንድ ነው እኮ ሐጂ!"

ሰዓዳ ሳቋን ልትይዝ ስትል ፍሩሽካ ገብቶባት አስነጠሳት። እኔ ግን የምሬን ነበር። በዐሥራ አምስት ዓመት ትዳር ይኸነው ሕፃን ሲያቅፍ ያየሁት ክርስትና ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ሰነድ ነው የያዘው።

"ደውይለት። ራሱ ይንገረኝ" አሉ።

እዚያ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው ድርቆሹ ክምር ላይ ሲወጣ ነው። ሐጂ ያን የጨቀየ ጀለቢያቸውን በእጃቸው ሰብስበው ቀድመው ወጡ። አቤል መሰላሉን ያዘ። እኔ ተከተልኋቸው። ቁጥሩን ነገርኋቸው፤ በራሳቸው ስልክ ደወሉ፤ ሁላችን እንድንሰማም ጮክ አደረጉት። ጠራ። ጠራ። አይችልም፤ "ሴት ነኝ ወይ?" ይላቸዋል፤ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

"ሃሎ! ማን ልበል?" አለ ይኸነው። መልስ ሳይሰማ፣ "ቆዩኝ አንድ ጊዜ ጌታዬ… አንተ! ውረድ ከአጥሩ! ሦስታችሁም እዚህ፣ እማያችሁ ቦታ! ያ ሦስተኛው የት ሄደ? እሺ፣ ተቀመጥ… ሃሎ?"

"እመቤቲቱ አለች?" አሉ ሐጂ።

"የለችም ጌታዬ። ሥራ ናት። ሞጣ ሥራ ይዛለች፤ ከብት እርባታ።"

ሐጂ አዩኝ። እኔ ድርቆሹን አየሁ።

"ልጆቹን ታዲያ ማን ይዟቸዋል?"

"እኔ ነኛ! ማን አለ ሌላ? ትልቋማ ትምህርት ቤት ናት። እናቷ ትቅር ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ በማግሥቱ ቦርሳዋን አውርጄ የላክኋት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማን እንደሆኑ ባላውቅም፣ ለናቷ ግን አደራ እንዳይነግሩብኝ። ሰው ፈሪ ናት፤ ሥራ ላይ ሆና ሐሳብ ይገባታል።"

ከጎኑ ትብለጥ እኝ አለች። ደረቴ ላይ ሻርፑን ጫንሁት።

"ይቺን ታቅፌ ነው፤ ይቅርታ። ጡጦ እምቢ ብላኝ ነበር፣ በማንኪያ አስለመድኋት። እሽ፣ እሽ፣ እናቴ። ምን ልንገርልዎ ጌታዬ? ስትደውል እነግራታለሁ።"

እጄን ወደ ስልኩ ዘረጋሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ሐጂ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዞሩብኝ።

"ምንም አይደል" አሉት። "አዎ፣ ሥራ ላይ ናት። ስትጨርስ ትደውልልሃለች።" ዘጉት።

ከዚያ ወደ ታች ጮኹ። "አቤል! ከአጥሩ ውጭ ያለውን ቤት አስጠርገው፤ ነገ ሰው ይገባበታል። ልጆቹ ከአጥሩ ወዲህ አንድ እግር እንዳያስገቡ። የዐሥራ ሰባትን ጥጃም እፊቷ እሰራት፤ ፕሮሲጀሩን አንተ ታስተካክለዋለህ።"

"እሺ ሐጂ። ፎርሙንስ ምን ላድርገው?"

"ቅደደው።"

እሳቸው መሰላሉን ይዘው እያጉረመረሙ ወረዱ፤ ጀለቢያ ሊቀይሩ ወደ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጁምዓ። መሰላሉ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

"አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ዘጠኝ ሰዓት ሌሎቹ ይታለባሉ።"

እሳቸው መሬት ሲረግጡ ሰዓዳ እየሳቀች መሰላሉን ወስዳዋለች። ወደ ታች አየሁ። ሰማይና ምድር ያህል ነው። ቀሚሴን በጉልበቶቼ መሀል ሰበሰብሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ተንሸራተትሁ።